ባትሪው ከወጀቡ በፊት ይሙላ
በኮሎምበስ ለምትኖሩ ባለ ሶላር ቤተሰቦች የቀረበ ማሳሰቢያ

በ2022 ጁን 13 ሌሊት በማዕከላዊ ኦሃዮ ያለፈው ወጀብ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችን ጣለ። በማግስቱ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት አልፎ በየቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ሲከፈት፣ የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ኤኢፒ ኦሃዮ የተረፉት መስመሮች ከአቅማቸው በላይ እንዳይጫኑ በማለት የኮሎምበስን ሰፈሮች ራሱ አጨለመ። በዚያ ሳምንት ከ200 ሺህ በላይ ደንበኞች መብራት አጥተዋል። ጣሪያቸው ላይ ሶላር የነበራቸውም ቢሆኑ ባትሪ ከሌላቸው ከጎረቤት የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም። ተራው ኢንቨርተር ዋናው መስመር ሲቋረጥ አብሮ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ካልጠፋ መስመሩን ለመጠገን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ፀሐይ እየጠበሰች ቤቱ ጨለማ ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሔው ሃይብሪድ ኢንቨርተርና ባትሪ ነው። ሃይብሪዱ ከፓናል፣ ከመስመር፣ ከባትሪና ካስፈለገም ከጄኔሬተር የሚመጣውን ኃይል አንድ ላይ ያስተዳድራል፤ መብራት ሲጠፋም ቤቱን ከመስመሩ ነጥሎ በባትሪ ያቆየዋል። ኦሃዮን በሚያካትተው የፒጄኤም የኤሌክትሪክ ገበያ የአቅም ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ወደ 269.92 ዶላር ዘሎ ከ2025 ጁን ጀምሮ የወር ሂሳብ ላይ ከታየ ወዲህ ስለ ባትሪ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ «የቱን ልግዛ?» ነው። «እንዴት ልሙላው?» የሚል ጥቂት ነው። ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚያረጀውም፣ በቁርጡ ሌሊት ባዶ ሆኖ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በአሞላሉ ምክንያት ስለሆነ ይህ ማሳሰቢያ በዚያ ላይ ያተኩራል።

መጀመሪያ ለምን እንደምትሞሉት ወስኑ

ሻጩ «ባትሪው ሂሳባችሁን ይቀንሳል» ብሎ ከሆነ የትኛውን ታሪፍ ይዞ እንዳሰላው ጠይቁት። በተለመደው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የእኩለ ሌሊቱና የምሽቱ ኃይል ዋጋው አንድ ነው። ባትሪ ሲሞላና ሲያወጣ ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ በሙቀት መልክ ያባክናል። ስለዚህ በሰዓት የሚለያይ ታሪፍ ካልገባችሁ በቀር ሌሊት ከመስመር ሞልቶ ቀን መጠቀም ኪሳራ ነው፤ ባትሪውም በከንቱ ይደክማል። ካሊፎርኒያ ላይ የሚያዋጣ ስሌት እዚህ አይሠራም። ኮሎምበስ ውስጥ የቤት ባትሪ ዋና ሥራው መብራት የሚጠፋበትን ሌሊት ማሳለፍ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቀን ቀን በፀሐይ ሙሉት። ኢንቨርተሩን ስታስተካክሉ የፓናሉ ኃይል መጀመሪያ ለቤቱ፣ ቀጥሎ ለባትሪው፣ የተረፈው ለመስመሩ እንዲሄድ አድርጉ። በኦሃዮ ደንብ ለላካችሁት ትርፍ ኃይል የሚታሰብላችሁ የኃይሉ ዋጋ ብቻ ነው፤ የማድረሻውን ክፍያ አያካትትም። የራሳችሁን ፀሐይ ራሳችሁ ብትጠቀሙበት ይሻላል። ከመስመር የሞላችሁትን መልሳችሁ እንደ ፀሐይ ኃይል አትላኩ፤ ስምምነታችሁ እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ኢንቨርተሩ ላይ ያንን ዝጉት።

መጠባበቂያውን ከፍ አድርጉ። ብዙ ኢንቨርተር ባትሪው እስከ 20 በመቶ እንዲወርድ ተደርጎ ይመጣል። ይህ መብራት ለማይጠፋበት አገር ጥሩ ነው። ወጀብ በሚበዛባቸው የፀደይና የበጋ ወራት ከግማሽ በታች እንዳይወርድ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ለኮሎምበስ ትንበያ የሚያወጣው የዊልሚንግተን የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ብርቱ ወጀብ ይመጣል ሲል ከመስመርም ቢሆን ሞልታችሁ 100 በመቶ አድርሱት፤ ሳንቲም የምትቆጥሩበት ቀን አይደለም። ወጀቡ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ቦታው መልሱት፤ ሊቲየም ባትሪ ለወራት ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ያውም በሙቀት ውስጥ፣ መቀመጥ አይወድም።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ኢንቨርተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። በስልክ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንዲጀምር አድርገው» ተብሎ 06:00 የሞላ ሰው ባትሪው ንጋት ላይ መሙላት ይጀምርለታል። 00:00 መሆን ነበረበት። በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲቀየርም ሄዳችሁ እዩት።

ብርድ ላይ አትሙሉ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር የመጣ ልምድ የማይረዳን እዚህ ላይ ነውና።

አሁን በቤት ባትሪዎች ዘንድ የተለመደው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ሴልሺየስ፣ ማለትም ከ32 ፋራናይት በታች መሞላት የለበትም። ሲቀዘቅዝ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። የተለጠፈው አይመለስም፤ አቅሙ በዚያው ይቀንሳል፣ እየከፋ ሲሄድም ሁለቱ ዋልታዎቹ ውስጥ ለውስጥ እስከ መገናኘት ሊደርሱ ይችላሉ። ኃይል ማውጣቱ ግን በብርድም ቢሆን ስለሚቻል ባለቤቱ ችግር እንዳለ አይታየውም። መብራቱ ይበራል፣ ማሳያው አረንጓዴ ነው፣ ባትሪው ግን እየሞተ ነው።

በጃንዩዋሪ የኮሎምበስ ሌሊት በአማካይ ከ25 ፋራናይት በታች ይወርዳል። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ የሰቀላችሁት ባትሪ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ፓናሉ ኃይል መስጠት ሲጀምር ገና በረዶ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው ተቆጣጣሪ በብርድ መሙላትን ራሱ ይከለክላል? የውስጥ ማሞቂያስ አለው? የመጀመሪያው መልስ «አይከለክልም» ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙ። ማሞቂያ ያለውም ቢሆን ማሞቂያው ራሱ ኃይል እንደሚበላ አስቡ።

ብርዱ ፓናሉንም ይነካል፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፓናል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። እያንዳንዳቸው 49 ቮልት የሆኑ ዘጠኝ ፓናሎች በተከታታይ ቢገናኙ በ25 ሴልሺየስ 441 ቮልት ይሰጣሉ፤ እስከ 500 ቮልት ለሚችል ኢንቨርተር የሚበቃ ይመስላል። ኮሎምበስ ግን በ1994 ጃንዩዋሪ 19 ከዜሮ በታች 22 ፋራናይት፣ ማለትም 30 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ያየች ከተማ ናት። በየዲግሪው 0.27 በመቶ የሚጨምር ፓናል እንዲህ ባለ ጠዋት 506 ቮልት ይደርሳል፤ ኢንቨርተሩም ሊቃጠል ይችላል፣ ዋስትናውም አይሸፍነውም። ጫኚው ይህንን ስሌት በኮሎምበስ ብርድ ሠርቶ በወረቀት ያሳያችሁ። «ችግር የለም» የሚል መልስ ስሌት አይደለም።

በክረምት ፀሐይን ብቻ አምናችሁ አትቀመጡ። በዲሴምበር መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ የኮሎምበስ ፀሐይ ከአድማስ 26 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 57 ትደርሳለች። ደመናውና በረዶው ሲጨመር የዲሴምበር ምርት የጁላይን ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጠባበቂያው ከመስመር እንዲሞላ ፍቀዱለት። በረዶውን ለመጥረግ ጣሪያ ላይ አትውጡ፤ ራሱ ይንሸራተታል።

ቅንብሩን ባትሪው ይወስን

የመሙያውን አምፒር ኢንቨርተሩ በሚችለው ልክ አትክፈቱት። 51.2 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚመክሩት 50 አምፒር አካባቢ ነው። ኢንቨርተሩ 120 አምፒር ማውጣት ቢችል ያ የኢንቨርተሩ ጉብዝና እንጂ የባትሪው አይደለም። ሁለት ባትሪ ሲኖር ቁጥሩ በዚያው ልክ ያድጋል። በ120 አምፒር ከመስመር መሙላት ከ240 ቮልት መስመር ላይ ወደ 27 አምፒር ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይስባል፤ ኬብሉና ብሬከሩ ለዚህ መመረጥ አለባቸው።

ባትሪውና ኢንቨርተሩ የሚነጋገሩበትን የመረጃ ኬብል አገናኙ፤ ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪውን ዓይነት በትክክል ምረጡ። ያለ ኬብሉም ይሠራል፤ ግን ኢንቨርተሩ ባትሪው መሙላቱን የሚገምተው በቮልቴጅ ነው፤ የዚህ ዓይነት ባትሪ ቮልቴጅ ደግሞ ከሙሉ እስከ ባዶ እምብዛም አይለዋወጥም። «40 በመቶ አለ» እያለ ድንገት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሊድ አሲድ በሚለው ቅንብር ሊቲየም ባትሪ አትሙሉ፤ ያ ቅንብር በየጊዜው ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ሊጭንበት ይችላል።

አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር፣ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። ተመሳሳይ ባትሪዎችን ጎን ለጎን ስታገናኙም አስቀድሞ ሁሉም እኩል ይሙሉ። ባዶውን ከሙሉው ጋር ያገናኘ ሰው በመካከላቸው የሚሮጠውን ኃይል የሚያየው ብልጭታ ሲወጣ ነው።

የት ይቀመጥ?

መኝታ ቤት ውስጥ፣ ወደ መኝታ ቤት በሚከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ደረጃ ሥር፣ በመውጫ በር አጠገብ፣ በጭራሽ። አገር አቀፉ የእሳት መከላከያ ደረጃ ኤንኤፍፒኤ 855 ጋራዥን፣ የውጭ ግድግዳንና የዕቃ ክፍሎችን ይፈቅዳል፤ ውጭ ሲሆን ከበርና ከመስኮት 3 ጫማ ይራቅ። ጋራዥ ውስጥ መኪና እንዳይገጨው መከላከያ ይኑረው። ቤዝመንት ከብርድ ያድናል፤ ግን ስንት የኮሎምበስ ቤዝመንት በፀደይ ውኃ እንደሚገባው ታውቃላችሁ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የጭስ ማስጠንቀቂያ በዚያው ክፍል ይኑር። ዩኤል 9540 የሚል የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው ባትሪ ከኢንተርኔት ተገዝቶ ቢመጣ ኢንስፔክተሩ አያልፈውም፤ ኢንሹራንሱም በአደጋ ቀን ሰበብ ያገኛል።

ፈቃድ፣ ውል፣ ገንዘብ

ከከተማው የሕንፃና ዞኒንግ አገልግሎት መምሪያ ፐርሚት ሳይወጣ፣ ከኤሌክትሪክ ድርጅቱም የመገናኛ ፈቃድ ሳይመጣ ሲስተሙን አትክፈቱ። «የእኛ ልጅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያውቃል» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የአዲስ አበባው 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው፤ እዚህ ቤት የሚገባው ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመር፣ 60 ሄርትዝ ነው። የኑትራልና የመሬት አያያዙም የተለየ ነው፤ እዚያ የጎበዘ ሰው እዚህ ሊሳሳት ይችላል።

በር አንኳኩቶ የመጣ ሻጭ ፊት በታብሌት ላይ በጣት አትፈርሙ። ፈርማችሁም ከሆነ የኦሃዮ ሕግ ቤታችሁ መጥቶ የሸጠላችሁን ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትሰርዙ ይፈቅድላችኋል። ለምን እንዲህ አጠነከራችሁ ለሚል፦ ቀድሞ ፓወር ሆም ሶላር ይባል የነበረው ፒንክ ኢነርጂ በኦሃዮም በሌሎች ግዛቶችም ሸጦ በ2022 ኦክቶበር ኪሳራ አስመዝግቦ ተዘጋ፤ የደንበኞቹ የባንክ ብድር ግን አልተዘጋም። ቅሬታ ካላችሁ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ800-282-0515፣ የኤሌክትሪክ ድርጅትን በሚመለከት ፑኮ የሚባለው የኦሃዮ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን በ800-686-7826 ይቀበላል።

«30 በመቶውን መንግሥት ይመልስላችኋል» ቢባላችሁ አትቀበሉ። በራሳችሁ ገንዘብ ለምትገዙት የቤት ሶላርና ባትሪ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ በ2025 ጁላይ 4 በተፈረመው ሕግ ከ2025 ዲሴምበር 31 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቀርቷል።

ያላችሁን ባትሪ መለያ ቁጥር አንዴ አጣሩ። በ2020 ዲሴምበር አንዳንድ የኤልጂ የቤት ባትሪዎች ከመጠን በላይ ይሞቃሉ ተብሎ ተመልሰው እንዲሰበሰቡ ተጠርተዋል። ቤት ከነባትሪው የገዛችሁ ከሆነ ጥሪው የደረሰው ለቀድሞው ባለቤት ሊሆን ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሳለ

ምን እንደሚበራ አስቀድማችሁ ምረጡ። ፍሪጅ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን መሣሪያ ለ24 ሰዓት ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ባትሪ አይበቃውም ማለት ነው። እናት ወይም አባት በመሣሪያ የሚተነፍሱበት ቤት ሁለተኛ ባትሪና የሚሄዱበት ሌላ ቤት ቀድሞ ይዘጋጅ። 120 ቮልት የሚሠራው የእንጀራ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ የአንዱን ባትሪ ግማሽ ሊወስድ ይችላል። በዚያ ሌሊት ዳቦ ብሉ።

ጄኔሬተርን በሃይብሪዱ የጄኔሬተር መግቢያ ወይም በማቀያየሪያ አገናኙ፤ ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ አትሰኩ። ያ ኃይል ተመልሶ ወደ ምሰሶው ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ሺህዎች ቮልት ያሳድገዋል። አብዛኞቹ የቤት ሃይብሪዶች 240 ቮልት ስለሚፈልጉ ትንሿ ባለ 120 ቮልት ጄኔሬተር ላትሠራ ትችላለች፤ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። የመሙያውን አምፒር ለጄኔሬተሩ ብቻ ለይታችሁ ዝቅ አድርጉ። ጄኔሬተሩ ከቤት 20 ጫማ ይራቅ። በሩን ብትከፍቱትም ጋራዥ ውስጥ አታስነሱት።

ተከራዮች ግድግዳ አትነኩም፤ 1 ወይም 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ይበቃችኋል። ዕቃውን በቀጥታ እሱ ላይ ሰኩ እንጂ እሱን ግድግዳ ላይ አትሰኩት። የራሳችሁ ቤት ሆኖ የሰፈር ማኅበር ሶላር ከከለከላችሁ በ2022 ሴፕቴምበር ሥራ ላይ የዋለውን ሴኔት ቢል 61 አንብቡ፤ ማኅበሩ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ በጅምላ መከልከል ግን ተገድቧል።

አገር ቤት ለምትልኩም አንድ ቃል። ባትሪ ይዛችሁ ጆን ግሌን አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳችሁ በፊት ዋት ሰዓቱን አንብቡ። እስከ 100 ዋት ሰዓት በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ጭነት ሻንጣ ውስጥ መጠባበቂያ ሊቲየም ባትሪ መደበቅ መቶዎችን አደጋ ላይ መጣል ነው። የዚህ አገር ኢንቨርተርም ለዚያ አገር ቤት አይሆንም፤ ገንዘቡን ላኩና እዚያው ይግዙ።

ባትሪው ሲያብጥ፣ ሲያፏጭ፣ ሲጨስ

ማብሪያ ማጥፊያ ፍለጋ ወደ ውስጥ አትግቡ። የተዘጋውን በር ለማየት ብላችሁ አትክፈቱ፤ በ2019 ኤፕሪል 19 በአሪዞና ሰርፕራይዝ ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ድርጅት የባትሪ ማከማቻ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ ያቆሰለው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ራቁ። እሳቱ ጠፋ ካላችሁ በኋላም ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ተመልሳችሁ አትደሩበት። 911 ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን አድራሻውንና «ሊቲየም ባትሪ» የሚለውን ተናገሩ፤ የሚመጡት ሠራተኞች በምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚገቡ የሚወስነው እሱ ነው።